ደወሉ ከተደወለ በኋላ ፊቷን አላየነውም

ከተማዋ እጇን ሰጥታለች። የጠላት ወታደሮች ሰይፋቸውን መሬት ላይ ጥለዋል። «ደወሉን ደውሉ!» እያለ ሲጮኽ የነበረው ሕዝብ የለመነውን አግኝቷል፤ ደወሉ በከተማው ላይ ያስተጋባል። ዴኔሪስ ታርጋሪየን ደራጎኗ ላይ እንደተቀመጠች ከግንቡ ጫፍ ሆና ታዳምጣለች። አሸንፋለች፤ የቀራት ወርዳ ዙፋኗ ላይ መቀመጥ ነው። ግን ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ፊቷ ይጨማደዳል፣ ዓይኗ ማዶ ወዳለው ቤተ መንግሥት ይሄዳል። ደራጎኑ ክንፉን ዘርግቶ ይነሣል። ከዚያ ቤተ መንግሥቱን ትቶ በየመንገዱ የሚሯሯጠውን ሴትና ሕፃን ማቃጠል ይጀምራል።

ይህ «ጌም ኦቭ ትሮንስ» የተባለው የኤች ቢ ኦ ተከታታይ ድራማ የስምንተኛው ምዕራፍ አምስተኛ ክፍል ነው። የተላለፈው እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2019፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር። ድራማው የጀመረው በፈረንጆቹ 2011፣ ያለቀው በእኛው 2011 ነው። ስምንት ዓመት ተከታትለን ዘመኑ ሳይቀየር ጨረስን ብለን ቀልደናል። በሚቀጥለው ሳምንት የመጨረሻውን ክፍል አሜሪካ ውስጥ ብቻ በዚያው ምሽት 19.3 ሚሊዮን ሰው አየው። ስምንተኛው ምዕራፍ እንደገና ይሠራልን የሚል አቤቱታ ላይ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው ፈረመ። የፈራሚው ቅሬታ ብዙ ቢሆንም፣ በጣም ያንገበገበው ግን የዚያች ሴት ነገር ነበር።

ላላየ ሰው ባጭሩ ልንገር። ዴኔሪስ አባቷ ከዙፋኑ የተገለበጠባት፣ ከሀገሯ ተሰዳ ያደገች ልጅ ናት። ወንድሟ ጦር አገኝበታለሁ ብሎ ዶትራኪ ለሚባሉ ፈረሰኞች አለቃ ይድራታል፤ «ካሊሲ» የሚለውን መጠሪያ ያገኘችው ያኔ ነው፣ የአለቃው ሚስት ማለት ነው። ባሏ ሲሞት ሬሳው ከሚነድበት እሳት ውስጥ ገብታ፣ በነጋታው አመድ ላይ ተቀምጣ ሦስት የደራጎን ጫጩት ታቅፋ ትገኛለች። ከዚያ አስታፖር፣ ዩንካይና ሚሪን የሚባሉ ሦስት ከተሞች ገብታ ባሪያ ነፃ ታወጣለች። የዩንካይ ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው «እናታችን» እያሉ ወደ ላይ አንሥተው ይሸከሟታል። እንግዲህ አክተሯ እሷ ናት። በልጅነታችን ቪዲዮ ቤት ተኮልኩለን ስናይ «አክተር አይሞትም» እንል ነበር፤ አክተር ሕፃን ያቃጥላል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ብቻ 560 ሴት ሕፃናት ካሊሲ ተብለዋል። ያን የመሰለ ስም ያወጡ ወላጆች ከዓመት በኋላ ቴሌቪዥናቸው ፊት ምን እንደተሰማቸው ሳስብ ሳቅም ሐዘንም ይመጣብኛል።

እኛ ሰፈር ፊልም የሚጭነው ልጅ የራሱ ፍርድ አለው። የመጨረሻውን ክፍል ፍላሼ ላይ ሲጭንልኝ፣ ገና እንዳላየሁት እያወቀ፣ «ማዘር፣ ዕብድ ናት፤ አባቷም ዕብድ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አባቷ ከተማውን በሙሉ አቃጥሉልኝ ሲል የተገደለ ንጉሥ ነው። የእህቴ ልጅ ግን በዚህ አትስማማም። «አክስቴ፣ ተጣድፈው ነው ያበላሹት» ትላለች። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምዕራፎች አሥር አሥር ክፍል ነበራቸው፣ ሰባተኛው ሰባት፣ ስምንተኛው ስድስት። ጊዜ ቢሰጡት ኖሮ እናምናት ነበር ባይ ናት። ዓለም ላይ ያለው ክርክርም ከሞላ ጎደል የእነዚህ የሁለቱ ነው፤ አንዱ ወገን ምልክቱ ከመጀመሪያውም ነበር ይላል፣ ሌላው አልተዘጋጀበትም ይላል።

የፍላሹ ልጅ መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ወንድሟ በቀለጠ ወርቅ ሲገደል ዴኔሪስ ዓይኗን ሳታርገበግብ ታያለች። ባሏን የገደለችባትን ጠንቋይ ከሬሳው ጋር አስራ አቃጥላታለች። የከዳትን የቃርት ሀብታም ከነአገልጋይዋ ባዶ ካዝናው ውስጥ ቆልፋበት ትሄዳለች። የሚሪን ጌቶች 163 ሕፃናትን መንገድ ላይ ሰቅለው ስለጠበቋት፣ እሷም 163 ጌቶችን ትሰቅላለች፤ ማን ምን እንዳደረገ ሳታጣራ በቁጥር ልክ። ከጌቶቹ አንዱን ለደራጎን ታበላለች። የዶትራኪ አለቆችን ቤት ዘግታ ታነዳቸዋለች። በሰባተኛው ምዕራፍ አልንበረከክም ያሉትን አባትና ልጅ፣ ታርሊዎቹን፣ በሰልፍ ፊት ታቃጥላለች። ይህን ሁሉ ደርድሮ «ታዲያ ምን ጠብቀሽ ነበር?» ለሚል ሰው መልስ ያስቸግራል።

በዚያ ላይ ሁልጊዜ አጨብጭበናል። አስታፖር ላይ ባሪያ ሻጩ በቋንቋው እየሰደባት፣ የማትሰማ መስሎት፣ እሷ ግን ዝም ብላ ቆይታ ድንገት በዚያው በራሱ ቋንቋ ስትመልስለትና ደራጎኗን ስታዝ፣ የራሚን ጃዋዲ ማጀቢያ ሙዚቃ ከፍ ሲል፣ ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር። ሰው እየነደደ ነው እኮ! ግን የሚነደው ክፉ ነው፣ ሙዚቃውም ደስ ይበላችሁ ይላል። በመጨረሻው ክፍል አማካሪዋ የነበረው ቲሪየን ላኒስተር እስር ቤት ሆኖ ለፍቅረኛዋ ለጆን ስኖው የሚያስረዳው ይህንኑ ነው፤ በሄደችበት ሁሉ ክፉ ሰዎች ሞቱ፣ እኛም አጨበጨብንላት፣ እሷም ይበልጥ ኃያልና ይበልጥ ትክክለኛ እንደሆነች አመነች። ደራሲዎቹ ተመልካቹን በቲሪየን አፍ የወቀሱበት ቦታ ነው። ወቀሳውን እቀበላለሁ።

የማልቀበለው አንድ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ዝርዝር የሚያሳየው ማድረግ እንደምትችል ነው። ለምን እንዳደረገችው አይናገርም። ጎረቤቴ ቁጡ ነው ማለት ዛሬ ጠዋት ለምን በሩን እንደሰበረ ገለጸልኝ ማለት አይደለም። ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት በሙሉ በእሷ ዓይን ወይ በዳይ፣ ወይ መሣሪያ የያዘ፣ ወይ አልገዛም ያለ ሰው ናቸው። በተቃራኒው የቆመ፣ የፍላሹ ልጅ የሚረሳው አንድ ትዕይንት አለ።

እ.ኤ.አ. በ2014 የተላለፈው የአራተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ነው። ዴኔሪስ ዙፋኗ ላይ ሆና አቤቱታ ትሰማለች። አንድ ምስኪን እረኛ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ይቀርባል፣ እያለቀሰ መሬት ላይ ያኖረዋል። ጨርቁ ሲገለጥ የተቃጠለ የሕፃን አጥንት ነው። ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ትልቁ ደራጎን ድሮገን ነው ከሰማይ ወርዶ ያቃጠላት። ዴኔሪስ አትከራከርም። ድሮገን የት እንዳለ አይታወቅም፣ ጠፍቷል፤ ያሉት ጥፋት የሌለባቸው ሁለቱ ናቸው። እነዚያን «ልጆቼ» የምትላቸውን ሁለት ደራጎኖች ምድር ቤት አስገብታ፣ ሥጋ አቅርባላቸው፣ እየበሉ ሳለ በገዛ እጇ አንገታቸው ላይ ሰንሰለት ታስራለች። እንባዋን እያፈሰሰች ስትወጣ ከኋላዋ ይጮኻሉ፤ የድንጋዩ በር ይዘጋል። ለአንዲት ለማታውቃት የእረኛ ልጅ ስትል የኃይሏን ሁለት ሦስተኛ የቀበረች ሴት ናት። ከእሷ ተነሥቶ ሺህ ሕፃን ወደምታቃጥለዋ ሴት መድረስ አይቻልም አልልም። ይቻላል፣ ሰው ነውና። ግን መንገዱን ልናይ ይገባ ነበር።

የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ «አላልኩሽም? ጊዜ አጠራቸው» ትላለች። በዚህ ግን አልሄድላትም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን «ማክቤዝ» ያነበበ ያስታውሳል፤ ከሼክስፒር ታላላቅ ትራጀዲዎች አጭሩ እሱ ነው። ሰውየው ሲጀመር ለንጉሡ የተዋጋ ታማኝ ጀግና ነው፤ ሁለተኛው ገቢር ላይ ንጉሡን በገዛ ቤቱ፣ እንግድነት ተቀብሎ፣ በተኛበት ይገድለዋል። ከዚህ የፈጠነ ምን አለ? ነገር ግን «አልተዘጋጀንም» ያለ ተመልካች የለም፤ ምክንያቱም ማክቤዝ ከመግደሉ በፊት ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ ያወራናል። ይፈራል፣ ይተዋል፣ ሚስቱ ትመልሰዋለች፣ የሌለ ጩቤ አየር ላይ ያያል። እጁ ከመነሣቱ በፊት ልቡ ሲነሣ ሰምተናል። ስለዚህ ፍጥነት ብቻውን ኃጢአት አይደለም። እኔ ለዓመታት የሬዲዮ ድራማ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ በሬዲዮ ፊት የለም፣ ያለው ድምፅ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ አንድ ሙሉ ክፍል ካልተናገረች አድማጭ ስልክ ይደውላል፣ «ተዋናይቷ ታመመች እንዴ?» ብሎ። ታሪኩ በሚዞርበት ሰዓት ዝም ልናሰኛት ብናስብማ ኖሮ አዘጋጁ ጽሑፉን ይመልስልን ነበር።

ወደዚያ ከተማ እንመለስ። ዴኔሪስ ከግንቡ ከተነሣችበት ሰዓት አንሥቶ ክፍሉ እስኪያልቅ ድረስ ፊቷን ዳግም አናይም። የምናየው የደራጎኑን ጥላ፣ ክንፉንና እሳቱን ነው። ካሜራው ወደ መንገዱ ወርዶ አርያ ስታርክ የተባለችውን ወጣት ይከተላል፤ በአመድ ነጭ ሆና ስትወድቅና ስትነሣ፣ አንዲት እናትና ልጇን ልታድን ስትሞክር፣ ኋላም ተቃጥለው ስታገኛቸው፣ ልጅቷ የእንጨት ፈረሷን እንደያዘች። ዳይሬክተሩ ሚጌል ሳፖችኒክ ይህን ሲመርጥ ዝም ብሎ አይመስለኝም። ከሰማይ እሳት ሲወርድ ከታች ያለው ሰው አብራሪውን አያይም፤ የሚያየው የሚነደውን ቤቱን ነው። የሞቱት ሰዎች መታየት ነበረባቸው፣ ታይተዋልም፤ በአቀራረጽ ብቻ ብንዳኘው ከድራማው ምርጦች አንዱ ነው። ግን የታሪኩን ትልቁን ጥያቄ ይዞት ሄደ። ስታደርገው ምን ይሰማት ነበር? አንዲት ጎዳና ካቃጠለች በኋላ ወደ ሁለተኛው ስትዞር አመነታች? ጮኸች? ሳቀች? አናውቅም። በሚቀጥለው ክፍል የምናገኛት ደረጃ ላይ ቆማ፣ የደራጎኑ ክንፍ ከኋላዋ ተዘርግቶ የእሷ ክንፍ መስሎ፣ ለሠራዊቷ ዓለምን ሁሉ ነፃ እናወጣለን እያለች ስትናገር ነው። ኤሚሊያ ክላርክ ለዚህ ንግግር ስትዘጋጅ የአምባገነኖችን ንግግር እየከፈተች እንዳየች ተናግራለች፤ ያስታውቃል፣ አስፈሪ ናት። ግን ያቺ ሴት ጨርሳ የመጣች ናት። ግንቡ ላይ የምታለቅስ አንዲት ሴት ነበረች፣ ደረጃው ላይ የምትደሰኩር ሌላ ሴት አለች፤ መሀሉ የለም።

ከድራማው ፈጣሪዎች አንዱ ክፍሉ እንዳለቀ በሚተላለፈው ማብራሪያ ላይ፣ ቤተ መንግሥቱን ስታይ አያቶቿ የሠሩት፣ የተነጠቀችው ቤት መሆኑ ተሰምቷት ነገሩን የግል ጠብ አደረገችው ብሏል። እሺ። ታዲያ ጠላቷ ሰርሲ ቤተ መንግሥቱ መስኮት ላይ ቆማ ትታያለች፤ ደራጎን ላለው ሰው መንገዱ ቀጥታ ነው። ለምን አልሄደችባትም? ማብራሪያው ለምን እንደተቆጣች ይመልሳል እንጂ፣ ለምን በማያውቋት ድሆች ላይ እንደወረደች አይመልስም። ደግሞስ ማብራሪያ ከፊልሙ በኋላ ከመጣ ምን ዋጋ አለው?

እንደማይችሉበት ሆነው አይደለም ይህን የምለው። እነዚሁ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2015፣ በአምስተኛው ምዕራፍ ዘጠነኛ ክፍል፣ ዙፋኑን የሚሻው ስታኒስ ባራቲየን አንድ ልጁን ሺሪንን ለእሳት አምላኩ ሲሠዋ አሳይተውናል። ስታኒስ ደረቅ ሰው ነው፣ ግን ሺሪንን ይወዳታል፤ እዚያው ምዕራፍ ውስጥ፣ በሽታዋ እንዳይገድላት ሐኪም ሁሉ እንደሰበሰበላት፣ ርቃ ትሂድ ያሉትን እንዳልሰማ ሲነግራትና ሮጣ ስታቅፈው አልቅሰናል። ከዚያ ያጠብቡበታል። ጦሩ በበረዶ ተያዘ፤ ስንቁ አለቀ፤ ጠላት ሌሊት ገብቶ ድንኳኑን አቃጠለበት። «ተው» የሚለውን አማካሪውን ራሱ ራቅ ያለ ቦታ ላከው፤ ይህችን ልብ በሉ፣ ሰው ሊያደርግ ያሰበውን ለራሱ ሳይናገር ከልካዩን ሲያርቅ። ከዚያ ልጅቷ ጋር ተቀምጦ ስለምታነበው መጽሐፍ ይጠይቃታል፤ ልርዳህ ትለዋለች፤ ምን እንደሆነ አታውቅም። እሳቱ ሲለኮስ ካሜራው ልጅቷን አያሳየንም። ጩኸቷን እንሰማለን፣ የምናየው ግን የአባትዋን ፊት ነው። እናትየው፣ ስትጠላት የኖረችው እናት፣ መጨረሻ ላይ ተሰብራ ወደ እሳቱ ስትሮጥ እሱ ቆሞ ይቀራል። በዚያ ቀን ስታኒስን ጠልቼዋለሁ። አላመንኩም ግን አላልኩም። ሰርሲም በስድስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ቤተ እምነቱን ከነሰዉ በአረንጓዴ እሳት ስታፈነዳ፣ ወይን ብርጭቆዋን ይዛ ስትመለከት ፊቷን አይተናል። ሁለቱም ላይ እሳቱን ደብቀው ወይም አርቀው ሰውየውን አቀረቡልን። ዴኔሪስ ላይ ተገልብጦ እሳቱን አቅርበው እሷን አራቁብን።

ሴት ስለሆነች ነው ዕብድ ያደረጓት የሚሉም አሉ። ሥልጣን የያዘች ሴት ሲከፋት ታብዳለች የሚለው ተረት አሮጌ ነው፤ ፊቷን ከልክለው ድርጊቱን ብቻ ሲተዉልን ለዚያ ተረት በር ከፍተውለታል፤ ባዶውን ቦታ ተመልካቹ ባለው ነገር ይሞላዋላ። የፍላሹ ልጅ «ዕብድ ናት» ያለው ከክፋት አይደለም፤ ሌላ የሚለው ነገር ስላልሰጡት ነው።

የሚያናድደው ምክንያቱ እጃቸው ላይ የነበረ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክፍል የድል ግብዣ አለ፣ ዊንተርፌል ውስጥ። ዴኔሪስ ለዚህ ሕዝብ ብላ ከሙታን ጋር ተዋግታ ግማሽ ጦሯንና ለዓመታት የተከተላትን ሰው ቀብራለች። ግብዣው ላይ ሁሉም የሚያወድሰው ጆንን ነው፤ አንዱ ሰካራም ደራጎን የጋለበ ጀግና እያለ ይጮኻል። እሷ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያሳደገቻቸውን ደራጎኖች ስትጋልብ የኖረችው፣ ዋንጫዋን ይዛ ፈገግታዋ ቀስ በቀስ ከፊቷ ሲወርድ እናያለን። (ይህ ክፍል ዓለም ላይ የታወቀው ጠረጴዛዋ ላይ ተረስቶ ቀረጻው ውስጥ በገባ የቡና ኩባያ መሆኑ ራሱ ያሳዝናል፤ ሰው ሁሉ ኩባያውን ሲያይ ፊቷ አመለጠው።) በባሕር ማዶ እናታችን ብለው የተሸከሟት ሴት፣ የተወለደችበት ሀገር ውስጥ የሚወዳት የለም። ከዚያ ሁለተኛው ደራጎኗ ይገደላል፣ የቅርብ ጓደኛዋ ሚሳንዴይ ዓይኗ እያየ አንገቷ ይቀላል፣ ጆን ከንፈሩን ይነፍጋታል፣ እሷም ፍቅር ካልተሰጠኝ ይፍሩኝ ትለዋለች። ደወሉ የማን ነበር ታዲያ? ሕዝቡ የሚደውለው ወዶ ሊቀበላት አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ያንን ግንቡ ላይ ሆና ስትሰማው፣ ስትገነዘበው፣ ቢያሳዩን ኖሮ ምን ነበረበት? አሥራ አምስት መስመር አይፈጅም። ንግግር እንኳ አያስፈልግም፤ ክላርክ ያለ ንግግር ትችላለች። የመጨረሻውን ጽሑፍ ባነበበች ቀን ከቤቷ ወጥታ ለሰዓታት ለንደንን ስትዞር እንደዋለች ተናግራለች፤ ስምንት ዓመት የኖረችባትን ሴት ምክንያት እሷም ስትፈልግ ይመስለኛል።

ድራማው የተመሠረተበት መጽሐፍ ይህ ችግር የለበትም፣ ቢያንስ እስካሁን። ጆርጅ አር. አር. ማርቲን አብዛኛውን ምዕራፍ በአንድ ገጸ ባሕርይ ስም ሰይሞ በዚያ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሆኖ ነው የሚጽፈው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው አምስተኛ መጽሐፍ ውስጥ የዴኔሪስ የመጨረሻ ምዕራፍ አለ። ብቻዋን፣ ሜዳ ላይ፣ ታማ፣ ተርባ፣ የሌሉ ሰዎች እያነጋገሯት ትንከራተታለች። ያቺን በደራጎኗ የተቃጠለች ልጅ ታስባለች፤ በመጽሐፉ ሐዚያ ትባላለች። ስሟን ልታስታውስ ትሞክራለች፤ አልመጣላትም። ጸሐፊው ጣቱን አይቀስርም፣ እዩልኝ አይልም፤ ስሟን ረሳች፣ አለቀ። ደራጎኖቿን ስለ ልጅቷ ብላ ያሰረች ሴት የልጅቷን ስም ስታጣ፣ ከዚያ በኋላ ምን ብታቃጥል አይገርመኝም። ከተማ ሙሉ እሳት ያላደረገብኝን ያቺ አንዲት የጠፋች ስም አደረገችብኝ።

ማርቲን ለድራማው ሠሪዎች የታሪኩን ዋና ዋና መድረሻዎች በጥቅሉ ነግሯቸው ነበር። ስለዚህ ድራማው የደረሰበት ቦታ የእሱም መድረሻ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆን አልጣላውም። ድራማው እ.ኤ.አ. በ2019 የዓመቱ ምርጥ ድራማ ተብሎ የኤሚ ሽልማት ወስዷል፣ አቤቱታ ፈራሚውም ፈርሞ ቀርቷል፤ የእህቴ ልጅና የፍላሹ ልጅ ግን ዛሬም ሱቁ በር ላይ ሲገናኙ ይጨቃጨቃሉ። ስድስተኛው መጽሐፍ እስካሁን አልወጣም። የወጣ ቀን ከፊት አልጀምርም፤ ገጹን እያገላበጥኩ የእሷ ስም ያለበትን የመጨረሻ ምዕራፍ ፈልጌ፣ ደራጎኑ ላይ ስትወጣ ጸሐፊው አብሯት መውጣቱን ነው የማየው።